ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ የልጆች ባለአበባ የራስ ማሰሪያ

ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቀሚሱም ጫማውም ተሟልቶ፣ ጠላው ተጠምቆ ካለቀ በኋላ ከአክስቶቿ አንዷ «ራሷ ላይስ ምን ልናደርግላት ነው?» ማለቷ አይቀርም። ሱቅ ሲኬድ ደግሞ ለአንዲት ስንዝር ላስቲክና ለአንዲት የጨርቅ አበባ የሚጠራው ዋጋ ያስቃል። ነገሩ እቤት የሚሠራ መሆኑን ለማወቅ አንዱን አገላብጦ ማየት ይበቃል። እኔም እንዲሁ አገላብጬ አይቼ ጀመርኩ።

ጨርቁን ከሞላ ጎደል በነጻ ነው የማገኘው። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ጥለት ሲቆረጥ የሚተርፈው ከወለል ተጠርጎ የሚጣል ነው። «ጋሼ፣ ይቺን ልውሰዳት?» ስላቸው እምቢ ያሉኝ የሉም፤ እንዲያውም በፌስታል አጠራቅመው የሚጠብቁኝ አሉ። የሳቲን ሪባንና ላስቲክ ግን ከመርካቶ እገዛለሁ፤ በሜትር ሳይሆን በጥቅል። አንድ ጥቅል ሪባን ብዙውን ጊዜ 25 ያርድ ወይም 23 ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ አበባ 70 ሳንቲ ሜትር ቢፈጅ እንኳ ከ30 በላይ ይወጣዋል። በሜትር የሚገዛ ሰው ይህ ሥራ አያዋጣም ቢል አልፈርድበትም።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ሳላውቅ መቀስ አላነሳም። ከዳሩ አንድ ክር መዝዤ በሻማ አቃጥላለሁ፤ ቀልጦ እንደ ጠጠር ከደረቀ ፖሊስተር ነው፤ ወረቀት ወረቀት ሸትቶ አመድ ከሆነ ጥጥ ነው። አሠራራቸው ለየቅል ነው። ፖሊስተሩን 7፣ 6፣ 5 እና 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ክቦች እቆርጥና ከዳር ወደ መሐል አራት አምስት ቦታ እሰነጥቀዋለሁ። ክቡ ጠመም ቢል ይሻላል፤ በኮምፓስ የተለካ አበባ የፕላስቲክ ይመስላል። ከዚያ ዳሩን ወደ ሻማው ጎን አስጠጋለሁ። ሙቀቱ ብቻ ሲነካው ኩምትር ብሎ ወደ ውስጥ ይጠቀለላል፤ ክሩም አይተረተርም። ነበልባሉ ራሱ ካገኘው ግን ይጠቁራል፤ በነጭ ጨርቅ ላይ ያ ጥቁረት የሚደበቅበት መላ የለም። ትልቁን ከታች፣ ትንሹን ከላይ ደራርቤ መሐሉን በመርፌ እይዘዋለሁ። መስኮት ይከፈት፤ ልጆች ክፍሉ ውስጥ አይኑሩ።

ጥጡን እሳት አላስጠጋውም። የክቡን ዳር ወደ ውስጥ አጥፌ ዙሪያውን በመርፌና በክር እየሄድኩ እሰፋና ክሩን ስስበው ራሱ ተሰብስቦ አበባ ይሆናል። የጥለቱ ቀለም መሐል ላይ ከወደቀ ሌላ ጌጥ አያሻውም። በነሐሴና በጳጉሜ ደግሞ ሁሉም የሚጠይቀኝ አደይ አበባ ነው፤ አበባየሆሽ ለሚጨፍሩ ልጃገረዶች ቢጫ ሪባን፣ መሐሉ ጠቆር ያለ ቢጫ።

አበባው ግን ለእናትና ለፎቶ ነው፤ ልጅቷ የምትለብሰው ላስቲኩን ነው። ብዙ ሰው ጊዜውን ሁሉ አበባው ላይ ጨርሶ ላስቲኩን በግምት ይቆርጣል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ራስ ዙሪያ 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ በስድስት ወር 43፣ በዓመት 46 ገደማ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እድገቱ ይዘገያል። በሜትር ከቅንድብና ከጆሮ ከፍ ብዬ እለካና ከልኩ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ እቀንሳለሁ። ጣት ያለ ትግል ከሥሩ ካልገባ ወይም ሲወልቅ ቀይ መስመር ከተወ፣ ጠቧል። ለጨቅላዎች ከላስቲክም የሚሻል አለ፦ ያረጀ ስቶኪንግ። ጭኑ ጋ ያለውን ክፍል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል በወርዱ ቆርጦ ቀለበቱን መሳብ ነው፤ ራሱ ተጠቅልሎ ለስላሳ ማሰሪያ ይሆናል።

አበባውን ወደ ጎን አደርገዋለሁ። አንዲት አያት ክርስትና ቤት ውስጥ ማሰሪያውን በጣታቸው ገፋ አድርገው «ልጄ፣ እርግብግቢቷ ላይ ምንም እንዳትጭኚ» ብለውኛል፤ ልክ ናቸው። ከአበባው ጀርባ ያለው የክር ቋጠሮም ግንባር ስለሚቧጥጥ በለስላሳ ጨርቅ እሸፍነዋለሁ። ግሉ ጋን (ሙጫ አቅልጦ የሚለጥፈው መሣሪያ) ሥራ ያፈጥናል፤ ሲደርቅ ግን ጠርዙ ስለታም ነው፤ ስለዚህ ለሕፃናት መርፌ ብቻ። ከሦስት ዓመት በታች ላሉት ዶቃና ቁልፍ አልሰፋም፤ ተነቅሎ ወደ አፍ ይሄዳል። መሐሉን በጥቅል ጨርቅ እሞላዋለሁ። ልጅቷ ስትተኛ ደግሞ ይወልቅ፤ ወደ አፍንጫዋ ወይም ወደ አንገቷ ሊንሸራተት ይችላል።

ሹሩባ የተሠራች ልጅ ላይ ላስቲክ አይቀመጥም፤ እየተንሸራተተ ያስቸግራል። ለእሷ አበባውን ክሊፕ ላይ ሰፍቼ በጉንጉኖቹ መሐል እሰካዋለሁ። ጸጉሯን ለለቀቀችው ሰፊ ማሰሪያ በሳቲን ገበር ይስማማታል፤ ጸጉር አይሰባብርም።

አሁን ለጎረቤትና ለዘመድ በትእዛዝ እሠራለሁ። «ጨርቁ እኮ ትራፊ ነው» ብለው የሚከራከሩኝ አሉ። እውነት ነው፤ ጨርቁን አላስከፍልም፤ የእጄን ግን አስከፍላለሁ። የማልደራደረው በልክ ጉዳይ ነው። የልጅቷን ፎቶ በቴሌግራም ልካ «በዓይንሽ ገምቺው» ለምትለኝ እናት መልሴ ያው ነው፦ ክር ዙሪያውን አዙሪና ክሩን በማስመሪያ ለክተሽ ቁጥሩን ላኪልኝ።