ከሽልማት ማመልከቻችን ላይ የተቆረጠው አንቀጽ

የተማሪዎችን ትምህርት ላሻሻሉ የዩኒቨርሲቲ ፕሮግራሞች የሚሰጥ ሽልማት አለ። ለአንድ ጎበዝ መምህር ሳይሆን ለፕሮግራሙና ፕሮግራሙን ለሚያንቀሳቅሰው ቡድን ነው የሚሰጠው። አውስትራሊያ በብሔራዊ የማስተማር ሽልማቷ ውስጥ ለዚህ ራሱን የቻለ ዘርፍ አላት። እንግሊዝም የቡድን ሽልማቷን እ.ኤ.አ. በ2016 ጀምራለች። እኛም ለእንዲህ ዓይነቱ አመለከትን። መጀመሪያ ወደቅን፣ በኋላ አሸነፍን። ከመጀመራችን በፊት የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ቆሽቴ ባላረረ ነበር። እናንተ እንኳ እወቁት ብዬ ነው የምጽፈው።

ፕሮግራማችን እኛ የፈለሰፍነው አይደለም። ሳፕልመንታል ኢንስትራክሽን ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ በሚዙሪ ካንሳስ ሲቲ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው የተጀመረው። ሐሳቡ ደካማ ተማሪ መልቀም አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ኮርስ መምረጥ ነው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት ያለፈ ተማሪ (መሪ ተማሪ እንለዋለን) ከአዲሶቹ ጋር እንደገና ሌክቸር ይገባል። ከዚያ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ለጥናት አብሯቸው ይቀመጣል። አያስተምርም፣ መልስም አይሰጥም። «እዚህ ሦስተኛው መስመር ላይ ምልክቱ ለምን ተቀየረ?» ብሎ ይጠይቅና ዝም ይላል። ያ ዝምታ በጣም ከባድ ነው። ለመሪ ተማሪዎቻችን ስልጠና ስንሰጥ ብዙውን ጊዜ የፈጀብን ዝም ማለትን ማለማመድ ነበር። እኛ የመረጥነው የአንደኛ ዓመት ሒሳብን ነው።

ቅጽ መሙላቱ፣ ፊርማ ማሰባሰቡ፣ የቃላት ገደቡ ውስጥ መግባቱ ያው የተለመደ ወረቀት ነው፤ ያልቃል። ስለ ድጋፍ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ልበል። መመሪያው «ከፍተኛ አመራር» ይላል። አትስሙት። አመራር የሚጽፈው ደብዳቤ ስም ብቻ ቀይሮ ለማንም የሚሆን ነው። ተማሪዎቻችሁን በሁለተኛ ዓመት የሚረከበውን መምህር ጠይቁ። የእኛው «ድሮ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት በክለሳ ነበር የምጨርሰው፣ አሁን ቀጥታ ወደ ኮርሱ እገባለሁ» ብሎ ጻፈ። ገምጋሚዎቹ በአስተያየታቸው ያነሱት ደብዳቤ እሱን ብቻ ነው።

ጉዱ ያለው ማስረጃው ላይ ነው።

«ወደ ጥናቱ የመጡት ካልመጡት የተሻለ ውጤት አመጡ» ብሎ መጻፍ ውሃ አያነሳም። መምጣት በፈቃድ ነው። በፈቃዱ የሚመጣው ደግሞ ድሮም ትጉ የነበረው ሊሆን ይችላል። ይሄንን እናውቅ ስለነበር ሌላ ማነጻጸሪያ ፈለግን። ዕድል ቀናን። የአንድ ዲፓርትመንት ተማሪዎች ላብራቶሪያቸው ከጥናቱ ሰዓት ጋር ይጋጫል። መምጣት ቢፈልጉም አይችሉም። ሌክቸሩ አንድ፣ መምህሩ አንድ፣ ፋይናሉ አንድ፣ የመግቢያ ውጤታቸውም ተቀራራቢ። እናም መምጣት ይችሉ የነበሩትን ሁሉ፣ የመጣውንም የቀረውንም ደምረን፣ መምጣት ከማይችሉት ጋር አነጻጸርን። ልዩነቱ በመጡትና ባልመጡት መካከል ከነበረው ጠበበ። ግን አልጠፋም። ይሄ ለእኔ ከማመልከቻው ሁሉ ምርጡ አንቀጽ ነበር። የላብራቶሪው ግጭት ጉድለታችን እንደሆነና ሰዓቱን ልናስተካክል እንዳሰብንም እዚያው ጻፍን።

ማመልከቻው ከመላኩ በፊት በዩኒቨርሲቲው አንድ ቢሮ በኩል ማለፍ ነበረበት። ሲመለስ ያ አንቀጽ ከላይ እስከ ታች በቀይ ተሰርዟል። በቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር ገብቷል፦ «ተማሪዎች በፕሮግራሙ እጅግ የረኩ መሆኑን በመጠይቅ ተረጋግጧል»። ሰዋስዉ እንኳን አልተስተካከለም።

ሄድኩ። የቢሮው ኃላፊ በትሕትና ነው የተቀበሉኝ። «ዶክተር፣ ለሽልማት እያመለከትን ክፍተታችንን ራሳችን እንናገራለን እንዴ? አንድ ዲፓርትመንት ሙሉ አልተገለገለም ብለን?» አሉኝ። ማነጻጸሪያው የተገኘው በዚያው ክፍተት ምክንያት መሆኑን አስረዳሁ። «ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። አልገባቸውም። «እርካታው ይበቃል፣ ገምጋሚም ሰው ነው፣ ይሰለቻል» ብለው ሸኙኝ። ያለ እሳቸው ፊርማ ደግሞ አይላክም። ተላከ።

እርካታ የት ድረስ እንደሚያስኬድ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የታተመ ጥናት አለ። ራሳቸው እየሠሩ እንዲማሩ የተደረጉት፣ ቁጭ ብለው ሌክቸር ካዳመጡት የተሻለ ፈተናውን ሠሩ። «ምን ያህል የተማርክ ይመስልሃል?» ሲባሉ ግን ትንሽ ነው ያሉት ራሳቸው እየሠሩ የተማሩት ናቸው። መታገል ያለመማር ስሜት ይፈጥራል። የእኛ መሪዎች ደግሞ ሥራቸው ተማሪን ማታገል ነው! እ.ኤ.አ. በ2017 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የገመገመ ሌላ ጽሑፍም ተማሪዎች መምህራቸውን ሲገመግሙ የሚሰጡት ነጥብ ከሚማሩት ጋር እንደማይያያዝ አሳይቷል። ይሄንን ሁሉ ለቢሮው በኢሜይል ልኬ ነበር። መልሱ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» ነው።

ወደቅን። የገምጋሚዎቹ አስተያየት ሲመጣ ከሁሉም በላይ ጎልቶ የተጻፈው ምን ይመስላችኋል? «ተሳታፊዎቹ ቀድሞውንም ጠንካራ ተማሪዎች እንዳልነበሩ በምን ይታወቃል?» መልሱ ተጽፎ ነበር እኮ። በቀይ ተሰርዞ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል።

በቀጣዩ ዙር የገምጋሚዎቹን አስተያየት አትሜ ይዤ ቢሮው ገባሁ፤ ማንም አልተከራከረኝም። አንቀጹን ከመሃል አውጥቼ ማመልከቻው መግቢያ ላይ አስቀመጥኩት። የላብራቶሪው ሰዓት ተቀይሮ ስለነበር፣ ከተቀየረ በኋላ የዚያ ዲፓርትመንት ውጤት ምን እንደሆነም ጨመርን። ወደ ሌሎቹ ተጠግቷል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስለዚህ የእኔ ምክር ከመመሪያው ጋር አይገጥምም። መመሪያው ለእያንዳንዱ መስፈርት እኩል ቦታ ስጡ ይላል። እኔ ግማሹን ለማስረጃው ስጡ እላለሁ፤ ሌላውን ማንም ይጽፈዋል። የተማሪ ምስጋና በብዛት አታጭቁ። አንድ ይበቃል፣ እሱም «አመሰግናለሁ» ሳይሆን ምን ያደርግ እንደነበረና አሁን ምን እንደሚያደርግ የሚናገር ይሁን። ፕሮግራሙን ስትጀምሩ፣ ሽልማት በሕልማችሁ ሳይኖር፣ የመነሻ ፈተና ስጡ። መሻሻሉን ስታሰሉም ምን ያህል ነጥብ ጨመረ ብቻ ሳይሆን፣ ሊጨምር ከሚችለው ስንቱን ጨመረ በሉ። ከ40 ወደ 70 የወጣና ከ80 ወደ 90 የወጣ ተማሪ ሁለቱም የቀራቸውን ግማሽ ነው የሞሉት። በነጥብ ብቻ ካያችሁት ሁለተኛው የሰነፈ ይመስላል።

የተሸላሚውን ቡድን የስም ዝርዝርም ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ጨርሱት። ተማሪዎች የቡድን አባል አይሆኑም የሚል የሽልማቱ ደንብ ውስጥ የለም፤ መስመር በመስመር አንብቤዋለሁ። ቢሮው ግን «አሠራራችን አይደለም» ብሎ ሥራውን የሠሩትን መሪ ተማሪዎች አስወጣቸው። በሽልማቱ ፎቶ ላይ መሃል የቆሙት አንቀጹን የሰረዙት ኃላፊ ናቸው። ልጆቹ ሲቪያቸው ላይ እንዲያስገቡት እኔው ደብዳቤ ጽፌ ፈርሜ ሰጥቻቸዋለሁ። ማኅተም ለማስደረግ ቢሮው ሄጄ ነበር፤ «እናየዋለን» ተብያለሁ።