የአንበሳው ጎን

አክስቴ የምኒልክን ብር በነጭ ጨርቅ ቋጥራ፣ እህል ጣሳ ውስጥ ሸሽጋ ነው የያዘችው። ቤቷ ጂማ ሒርማታ ነው። ባለፈው እሑድ ቡናው እስኪፈላ ብሩን ወደ መስኮቱ ይዤ እያዘነበልኩ አየሁት። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯ ይላል፤ ፓሪስ ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ነው። የንጉሡ ዘውድ ቁልጭ ብሏል። ስገለብጠው ግን የአንበሳው ጎን ልሙጥ ነው።

«ስንት እጅ ዞሮበት፤ አልቆ ነዋ» አለችኝ።

«አይ እትዬ፣ ይሄ ድሮውንም አልወጣም» አልኳት።

ይህን ለማየት ዓይኔን ያሠለጠነው ቡና ለቀማ ነው። መጋዘን ውስጥ ፍሬውን ወደ ብርሃን ካላዘነበልከው ነቀዝ የበላውና ሳይበስል የተለቀመው አንድ ይመስላሉ። ብርም እንደዚያው ነው። እጅ የፋቀው ቦታ ይለሰልሳል፣ ከዙሪያው የተለየ ደብዛዛ ግራጫ ይሆናል። በደንብ ያልተመታው ቦታ ግን ቅርጽ ይጎድለዋል እንጂ ቆዳው ከዙሪያው ጋር አንድ ነው፤ ብርሃኑም ሳይቋረጥ ያልፍበታል። አንዳንዴ ክቡ ብር ከመመታቱ በፊት የነበረው ጭረት ጭምር እዚያው ቀርቶ ይታያል። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የብሩ አፈሳሰስ ነው። ከላይና ከታች የሚመቱት ሁለቱ መቅረጫ ብረቶች ሲገጥሙ ብሩ ወደ ሁለቱም ጉድጓድ መግባት አለበት። የንጉሡ ራስ ከአንበሳው ገላ ጋር ጀርባ ለጀርባ ሲሆን፣ ምቱ ትንሽ ከላላ አንደኛው ሳይሞላ ይቀራል። የአክስቴ ብር ላይ የጎደለበት አንበሳው ነው።

የድሮ ነጋዴዎችም ዓይናቸው ቀላል አልነበረም። ጠገራ ብር፣ ማለትም የኦስትሪያዋን የማሪያ ቴሬዛን ብር፣ ሲቀበሉ የንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ ይቆጥሩ ነበር፤ 9 መሆን አለበት። ጠገራው ሁሉም 1780 ይበል እንጂ ቪየና፣ ሮማ፣ ለንደን፣ ቦምቤይም ተመትቷል። ዓመቱ ስለማይረዳ ሰው የሚያምነው ቅርጹን ነበር።

ሳንቲም መሰብሰብ መጀመር የፈለገ ጠገራ መግዛት የለበትም። የ1969ኙን ሳንቲሞች ይሰብስብ፤ 10 ሳንቲሙን ከነኒያላው፣ 25ቱን፣ 50ውን። የአንበሳውን አገጭ በማጉያ መነጽር ይይ። አንዳንዱ ላይ ጢሙ እኩል ነው፤ አንዳንዱ ላይ በግራ፣ ከአፉ አጠገብ፣ ሁለት ረዘም ያሉ ጢሞች አሉ። ዓመቱ አንድ፣ መቅረጫው ብረት ግን የተለያየ ነው። እኔ ይህን ያየሁ ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አክስቴ ቡናውን ቀድታ ስታበቃ ሎሚና አመድ አመጣች፤ «ላጥበውና ይብራልህ።» እጇን ያዝኳት። በ14 ዓመቴ አንድ ጠገራ እንዲሁ አጥቤ አብርቻለሁ። ዛሬ ያ ብር ላይ ያለቀው የትኛው፣ ያልተመታው የትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም፤ አመዱ ሁሉንም አንድ አድርጎታል። ይህን ስነግራት ሎሚውን አስቀምጣ ብሩን መልሳ ቋጠረችው።

ቤታችሁ የ1887 ብር ያለ ካለ ሳታጥቡ የአንበሳውን ጎን እዩልኝ። የ1892ቱ ከሆነም ጻፉልኝ፤ እዚያ ላይ አንበሳው የሚያነሣው ቀኝ እግሩን ነው፣ ጎኑ ሞልቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።