ባይዘንብ ኖሮ አላየውም ነበር

ዛሬ ከሰዓት ዶፍ ዝናብ ከቤት አላስወጣንም። ከእማዬ ጋር ቁጭ ብለን የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከፈትን። በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ነው። ስለ ሌላው የኃይሌ ፊልም ስለ «ጤዛ» ሁሉም ያወራል፤ ይሄኛውን ያየ ሰው ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

ታሪኩ የአንድ ጭሰኛ ቤተሰብ ነው። ካሜራው አይቸኩልም። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ግን ታገሱት። ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ ሲያርስ እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠች። «አባቴን ያየሁት መሰለኝ» አለች። ከዛ ስለ አያቴ እርሻ፣ ለባለመሬቱ እየተሰፈረ ስለሚሄደው እህል ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንስታልኝ አታውቅም። ፊልሙን አቁመን አወራን፤ ቡናው ቀዘቀዘ።

ልጆች ያሏችሁ ደግሞ በ2015 ካን ፌስቲቫል ላይ የታየውን የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አሳዩአቸው። በጉን ከመታረድ ለማዳን የሚታገለው ትንሹ ኤፍሬም አንጀቴን ነው የበላው።

የእኛን ፊልም ነገ ማታ እንጨርሰዋለን። እማዬ ቡናውን እኔ ነኝ የማፈላው ብላለች።