ነዳጁ ቀድሞ አየሩ ሲዘገይ

ጥር ነበር። ባሕር ዳር በጥር ሠርግ በሠርግ ናት። የምሠራበት ሆቴል ጣና ዳር ነው፤ አዳራሹ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ ኬክ ሊቆርሱ ሲሉ መብራት ሄደ።

መብራት ሲሄድ በራሱ ወደ ጄኔሬተር የሚያዞረው አውቶማቲክ ቼንጅኦቨር ከተበላሸ ሰንብቷል። ሮጬ ጄኔሬተሩን አስነሣሁ። ሥራ አስኪያጁ በስልክ "ምን ትጠብቃለህ? ልቀቀው እንጂ!" ይሉኛል። አዳራሹን፣ ወጥ ቤቱን፣ ፓምፑን፣ ላውንደሪውን በአንድ ትንፋሽ ለቀቅኩት።

ሞተሩ አቃሰተ። አምፖሎቹ ፈዘዙ። ከማርሚታው ጥቁር ጭስ ተግተለተለ፤ ነፋሱ ደግሞ ይዞት ወደ ሠርገኛው ሄደ። የጭስ ሙቀቱ ጌጅ መርፌ ወደ ቀዩ ሲወጣ ቆሜ አያለሁ።

አንጋፋው መካኒካችን ነጠላ ጫማ እንዳደረጉ መጡ። ምንም ሳይናገሩ የፓምፑንና የላውንደሪውን ብሬከር ቀጭ ቀጭ አድርገው አወረዱት። ሞተሩ ተነፈሰ። ያኔ ነው ዞር ብለው "ነዳጁን አጎረስከው፤ አየሩን ማን ሊሰጠው ነው?" ያሉኝ።

"ልክ ነዎት ጋሼ" ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ያፈርኩት ነገሩን ፖሊ ቴክኒክ ስለተማርኩት ነው፤ ያውም በጋዝ ተርባይን፣ ነዳጅ አቃጥሎ በትኩስ ጋዙ በሚዞረው ሞተር። ሎድ፣ ማለትም ሞተሩ የሚሸከመው የኃይል ጭነት፣ ሲጨመር ነዳጁ ወዲያው ይጨምራል፤ አየሩ እኩል አይከተለውም፤ ማቃጠያው ይግላል፣ ጋዙ የሚያዞራቸው ብሌዶችም ይጎዳሉ። ሎድ በድንገት ሲወርድ ደግሞ ነዳጁ ይቀነስና አየሩ ይተርፋል፤ እሳቱ እስከ መጥፋት ሊደርስ ይችላል። በትልልቆቹ ተርባይኖች ሙቀቱ ከ1,400 ዲግሪ ስለሚያልፍ እሳቱ መሐል መለኪያ አይበረክትም። ስለዚህ ከመውጫው የጭስ ሙቀትና አየሩን ከሚጨምቀው ኮምፕሬሰር ግፊት ይሰላል። ፍጥነቱን ለመጠበቅ ብዙ ነዳጅ ቢያስፈልግ፣ ሙቀቱ ደግሞ ትንሽ ብቻ ቢፈቅድ፣ መቆጣጠሪያው የሚለቀው ትንሹን ነው። ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ ጥሩ ውጤትም አምጥቼበታለሁ።

የእኛ አሮጌ ዲዝል እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ቱርቦው ዞሮ አየር እስኪያመጣ ጥቂት ሰከንድ ይፈልጋል። በዚያ ላይ ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በጣም ይሳሳል።

አሁን መጀመሪያ አዳራሹን እሰጣለሁ። ጌጁን አያለሁ። ድምፁ ሲረጋ ወጥ ቤቱን፣ ቀጥሎ ፓምፑን። ላውንደሪው መጨረሻ ነው፤ አንሶላ የትም አይሄድም። ሥራ አስኪያጁ ዛሬም ይደውላሉ። ስልኬን ግን ከጄኔሬተር ክፍሉ ውጭ፣ መስኮቱ ላይ ትቼው ነው የምገባው።