ከረባቱ ነው ዘና ያላለው?

እኛ ቢሮ የሚወጣ ሜሞ በሙሉ በኔ እጅ ነው የሚያልፈው። ታይፕ የማደርገው እኔ፣ ቁጥር የምሰጠው እኔ፣ አስፈርሜ ማህተም የማስመታው እኔ፣ ስለዚህ የዚህን ታሪክ እያንዳንዷን ወረቀት አውቃታለሁ። የመጀመሪያዋ ግማሽ ገጽ እንኳን አትሞላም ነበር። ጉዳዩ፦ አርብ ዕለት ዘና ያለ አለባበስን ይመለከታል። ሠራተኞች አርብ አርብ ዘና ያለ ልብስ ለብሰው ሥራ ላይ መገኘት ይችላሉ፣ ከሰላምታ ጋር፣ በቃ። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ዋለ፣ ደስታው ግን የቆየው እስከ አርብ ነው።

አርብ ጠዋት አይቲዎቹ ሰኞ የሚለብሱትን ለብሰው መጡ፣ ለነሱ ድሮም ሳምንቱ በሙሉ አርብ ነው። የስቶሩ ልጅ የኳስ ማሊያ ከነቁጥሩ። ማርኬቲንጎች ደግሞ ዘና ለማለት የተዘጋጁትን ያህል ለሰርግም አይዘጋጁም፣ አንዷ እንደውም ማክሰኞ ጀምራ ነው ስታስብበት የነበረው። እኔ ጂንስ ለብሼ፣ ጉልበቱ ጋ ቀደድ ያለ፣ ሊፍቱ በር ላይ የሰው ሀብት ኃላፊያችን ያዘችኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጂንስ ነዋ።»

«እሱንማ አየሁት። ቀዳዳውን ነው የምልሽ።»

«ስገዛውም እንደዚሁ ነው።»

«ቀዳዳውን እያየሽ ገዛሽው?»

ይቺን ጥያቄ እናቴም ጠይቃኝ ነበር፣ እናቴ ግን ቀጥላ ሜሞ አላወጣችም። ከሰዓት ላይ ተጠራሁና ሁለተኛውን ጻፍን፦ ጂንስ ይፈቀዳል፣ የተቀዳደደ ጂንስ ግን አይፈቀድም። ሰኞ ደግሞ ጥያቄው መዝነብ ጀመረ። ጥቁር ጂንስ እንደ ጂንስ ነው የሚቆጠረው ወይስ እንደ ሱሪ? ስኒከር ይቻላል ወይ? ነጭ ብቻ? ክፍት ጫማ ለሴት ከተፈቀደ ለወንድስ? ቲሸርት ላይ ጽሑፍ ካለ ጽሑፉን ማን ነው የሚያየው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ አንቀጽ ሲጨመር ሲጨመር ዘና ያለው ሜሞ አራት ገጽ ደረሰ። ሰኞ እስከ ሐሙስ ምን እንደሚለበስ ግን የትም የተጻፈ ነገር የለም እኮ፣ ሰው ራሱ አውቆ ነው የሚለብሰው።

እሷ ደግሞ ሜሞው መግቢያ ይኑረው አለች፣ ዓለም አቀፍ ተሞክሮ ምናምን፣ ፈልገሽ አምጪ ተባልኩ። ፈለግኩ። አንብቤ ስጨርስ ነገርየው ከአስተዳደር ጥናት የመጣ ሳይሆን ከሸሚዝ ሻጭ የመጣ ሆኖ አገኘሁት። ሃዋይ ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1962 የልብስ አምራቾች ማህበር ለእያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ሁለት ሁለት አበባ አበባ ያለበት የሃዋይ ሸሚዝ አደለ፣ ሴኔቱም በበጋ እንዲለበስ የሚያበረታታ ውሳኔ አወጣ፣ ከዛ በ1966 አርብ አርብ ቢሮ ለብሶ መምጣት በይፋ ተጀመረና አሎሃ ፍራይዴ ተባለ። እሱ ነው ዞሮ ዞሮ ካዥዋል ፍራይዴ የሆነው። በ1992 ደግሞ የጂንስ አምራቹ ሊቫይስ፣ ቢሮ ውስጥ ዘና ብሎ እንዴት እንደሚለበስ የሚያሳይ መመሪያ አሳትሞ ወደ 25,000 ለሚሆኑ የሰው ሀብት ኃላፊዎች ላከ፣ ከ1986 ጀምሮ ዶከርስ የሚባል ሱሪ ሲሸጥ የነበረው ያው ሊቫይስ። ይሄን ሁሉ ጽፌ ወሰድኩላት። አነበበችው፣ ብዕር አነሳች፣ ሸሚዙንም ሱሪውንም ሰረዘችና «በሰለጠነው ዓለም የተለመደ አሠራር እንደመሆኑ» የሚል ጻፈችበት።

አሁን ጋሼ ጋ ልምጣ። ጋሼ ፋይናንስ ናቸው፣ ሱፍና ከረባት ያላደረጉበትን ቀን አላውቅም፣ አርብም እንደዛው። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም ነበር፣ እሳቸውን የኛ አለባበስ ረብሿቸው አያውቅም፣ የስቶሩን ልጅ ማሊያ አይተው «ስንት ለስንት ሆናችሁ?» ነው ያሉት። ችግሩ የመጣው የአርብ ፎቶ ሲጀመር ነው። ፎቶው ለኩባንያው ፔጅ ነው፣ ሁላችንም ደረጃው ላይ ተደርድረን ስንስቅ፣ መሀል ላይ ጋሼ በጥቁር ሱፍ። ኃላፊዋ ፎቶውን ጎተት እያደረገች ስታየው ቆየችና ተነስታ ፋይናንስ ገባች። እኔ ፔቲካሽ ላወራርድ እዛው ነበርኩ።

«ጋሼ፣ አርብ አርብ ትንሽ ዘና ይበሉ እንጂ» አለቻቸው።

«ዘና ብዬ ነው ያለሁት ልጄ።»

«አይ፣ ከረባቱን ማለቴ ነው።»

«ከረባቱ ነው ዘና ያላለው?»

እኔ ደረሰኞቼ ላይ ተደፋሁ። እሷ ሳቅ እንደማለት አለችና ደግሞ ኮስተር ብላ «ሁሉም ሰው እኮ እየተሳተፈ ነው፣ እርስዎ ብቻ ነዎት የቀሩት፣ የቲም ስፒሪት ጉዳይ ነው» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቆይ እስቲ፣ ግዴታ ነው?»

«ግዴታ እንኳን አይደለም።»

«ካልሆነ ተይኝ።»

«ግን ይጠበቃል።»

«ግዴታ ሳይሆን ይጠበቃል። እንግዲያው በደብዳቤ አድርጊልኝ፣ የሂሳብ ሰው ነኝ፣ በቃል የተነገረኝን ነገር አላወራርድም።»

እኔ የቀለዱ ነው የመሰለኝ፣ እሳቸውም የቀለዱ ይመስለኛል። እሷ ግን ቀልድ የሚባል ነገር አታውቅም። ስትወጣ ጋሼ ዞር አሉና «ልጄ፣ ቀና በይና ጣሪያውን እዪው» አሉኝ። ቀና ስል ልክ ከወንበራቸው በላይ የኤሲው አፍ። የእጄ ፀጉር ቆመ። «እዚህ ቦታ ያለ ኮት ተቀምጬ ምሳ ሰዓት አልደርስም» አሉኝ። ለካ መርህ ምናምን አይደለም፣ ብርድ ነው። ኤሲው አቅጣጫው እንዲቀየር ድሮ ጠይቀዋል፣ ማመልከቻውን ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ፣ ጠቅላላ አገልግሎት ጋ ተኝቶ ይኖራል። ሜሞው ላይ ልጨምረው ፈልጌ የተሰረዘብኝ ሌላው ነገር ትዝ አለኝና ነገርኳቸው፣ ጃፓኖች በ2005 በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሳይቀር በጋ ላይ ኮትና ከረባት አውልቁ ብለው ዘመቻ ሲጀምሩ ኤሲውን 28 ዲግሪ ላይ አድርጉ ብለው ነው፣ ነገሩ መብራት ለመቆጠብ ስለሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ኮይዙሚ ራሱ ያለ ከረባት ነበር የሚታየው። ጋሼ ሰምተው ሲጨርሱ «እንዲህ ነው እንጂ! መጀመሪያ ማሽኑን አሙቅ፣ ከዛ ሰውየውን አውልቅ በለው» አሉ። የሃዋዩን ሳወራላቸው ደግሞ እንባ እስኪመጣቸው ሳቁ፣ ሁለት ሸሚዝ በነጻ ቢያድሉኝ እኔም እስማማለሁ አሉ።

ደብዳቤው ወጣ። ጉዳዩ፦ በቡድን እንቅስቃሴ ላይ የሚታይ የተሳትፎ ማነስን ይመለከታል። እኔ ታይፕ አደረግኩት፣ የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ሀያ ምናምን ዓመት አንድ ሳንቲም ያላጎደለ ሰው ማህደር ውስጥ የሚገባው የመጀመሪያ ማሳሰቢያ ስለ ከረባት ሲሆን። ቦሱ እንደ ወትሮው ስልክ እያወራ ሳያነብ ፈረመው። ጋሼ ዴስክ ድረስ ወስጄ ሰጠኋቸው፣ አንዴ አነበቡት፣ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» ብለው ፈረሙ፣ ዋናውን አራት ቦታ አጥፈው የኮታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተቱት። «ይሄ ፋይል አይደረግም፣ ለልጅ ልጅ ማሳያ ነው» አሉኝ።

እንግዲህ አርብ ነው። ያ ስንት ጊዜ ሲንከባለል የቆየ ውል ለሰኞ ተቀጥሮ ነበር፣ ጠዋት ላይ ተደወለና ሰዎቹ ዛሬ አምስት ሰዓት ላይ እንመጣለን አሉ። ቦሱ ቲሸርት ለብሷል፣ ያውም ሩጫ ላይ የሚታደለውን አይነት፣ ጀርባው ላይ የስፖንሰሮች ስም የተደረደረበት። ቤት ደርሶ መመለስ አይታሰብም። ኮሪደሩ ላይ ብቅ ጥልቅ ማለት ጀመረ፣ የኮት ያለህ! ምክትሉ ቁምጣ ቢጤ፣ የሽያጭ ኃላፊው ኮፍያ ያለው ሹራብ። ቢሮው በሙሉ ተፈልጎ አንድ ኮት ነው ያለው፣ የት እንዳለ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ለመጥራት ነው ያፈርነው።

ጋሼ ምንም አላሉም። ኮታቸውን አወለቁ፣ ከረባታቸውን ፈቱ፣ ሸሚዝ ከሹፌሩ ተገኘ። ቦሱ ረጅም ነው ጋሼ አጭር፣ እጅጌው ክርኑን አለፍ ብሎ ቀረ፣ ቁልፉ ጭራሽ አልሞከረም። እንደዛ ሆኖ እንግዶቹን ሊቀበል ወረደ፣ ሊፍቱ ሲከፈት ሦስቱም ሰዎች ጂንስና ፖሎ ቲሸርት። እነሱም ቤት አርብ ነው ለካ! ትልቁ ሰውዬ ቦሱን ከላይ እስከታች አየውና «ይቅርታ፣ አርብ ስለሆነ እኛ እንዲሁ መጣን፣ እናንተ በጣም ፎርማል ናችሁ መሰለኝ» አለ። ቦሱም ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «እኛ ጋ ደንበኛ ሲመጣ እንጠነቀቃለን»።

ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የሚቀጥለውን በዓይኔ ነው ያየሁት። ሊፈረም ሲል ቦሱ እስክሪብቶ ፍለጋ የውስጥ ኪስ ገባ፣ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ይዞ ወጣ። የራሳችን ሌተርሄድ። ዘረጋት። የሚያነብበት ፍጥነት ሲቀንስ ይታያል፣ ጉዳዩ ጋ ደረሰ፣ ከረባቱ ጋ ደረሰ፣ መጨረሻ ላይ የራሱ ፊርማና ማህተም ጋ ደረሰ። አንገቱ ላይ ያለውን ከረባት በእጁ ነካ አደረገው። ሰውየው «ሌላ የውሉ አባሪ አለ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ «አይ አይ፣ የውስጥ ጉዳይ ነው» ብሎ አጥፎ መለሳት። እኔን አላየኝም። እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም፣ ጣቴ ግን እየበላኝ ነበር።

ልክ በዛ ሰዓት ፋይናንስ ውስጥ ጋሼ በሸሚዝ ብቻ ኤሲው ስር ተቀምጠዋል፣ አንገታቸው ላይ የካሸሯን አበባ አበባ ያለበት ሻርፕ ጠምጥመው፣ እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው። ኃላፊዋ ባጋጣሚ ስታልፍ አየቻቸው። የኮቱን ነገር ማንም አልነገራትም። «ጋሼዬ! አዩት እንዴት እንደሚያምርብዎት!» ብላ ስልኳን አወጣችና አነሳቻቸው። ማታ ፔጁ ላይ ወጣ፣ ከስሩም የሥራ ቦታ ለውጥ በሁሉም የዕድሜ ክልል ምናምን የሚል ጽሑፍ። ፎቶው ላይ ጋሼ የተቆጡ ሳይሆን የበረዳቸው ነው የሚመስሉት፣ ሰው ግን ላይክ በላይክ አደረጋቸው።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። ቦሱ ሜሞው ይከለስ አለ፣ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። እኔ ያነበብኩትን አነሳሁ፣ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሜሪ ባራ የሰው ሀብት ኃላፊ በነበረችበት ጊዜ አስር ገጽ የነበረውን የአለባበስ ደንብ ጥላ በአግባቡ ልበሱ ብላ ዘጋችው፣ ከሷ ሥር ያለ አንድ ኃላፊ ሠራተኞቼ ድንገት የመንግሥት ባለሥልጣን ጋ ሲጠሩ በጂንስ ሊሄዱ ነው ወይ ብሎ ቅሬታ ሲጽፍላት ከሠራተኞችህ ጋር ተነጋገሩበት አለችው፣ እነሱም ተነጋግረው ለክፉ ቀን የሚሆን ሱሪ ቢሮ ማስቀመጥ ጀመሩ፣ አለቀ። ኃላፊያችን ሰማችኝና «እሱ እኮ ሜሞ አይባልም፣ አንቀጽ እንኳን የለውም» አለች። ስለዚህ አንቀጽ ጨመርን። አሁን አምስት ገጽ ነው፣ አምስተኛው ገጽ ላይ ማንኛውም ኃላፊ ቢሮው ውስጥ አንድ ኮት በቋሚነት እንዲያስቀምጥ ይላል። ከገጠመኙ የተገኘ ትምህርት ከተባለ እሱ ነው፣ ግን አምና የገባው የቦሱ ኮት አሁንም ላውንደሪ ነው እየተባለ ነው።

የጋሼ ማሳሰቢያም አልተነሳም። ቦሱ ኮቱን ሲመልስ «ደብዳቤውን እርሱት» አላቸው፣ ጋሼ ደግሞ እሱንም በደብዳቤ ይሁንልኝ አሉ። ባለፈው ደግሞ ሻርፕ ያደረጉበት ፎቶ ከፔጁ ላይ እንዲወርድ ማመልከቻ አስጻፉኝ፣ የኤሲውንም በዚያው አባሪ አድርጊው ብለውኛል፣ ግልባጭ ለጠቅላላ አገልግሎት። ማመልከቻው አሁን ኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ፎቶው ብዙ ላይክ ስላለው ማውረዱ ያስቸግራል እያለች ነው።