የሚያኝኩት ያጡ ጥጆች

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የወተት ላሞች እርባታ በመኖ ባለሙያነት በተቀጠርሁበት የመጀመሪያ ዓመት፣ ወተት ካቋረጡ ከ4 እስከ 6 ወር ከሚሆናቸው ጥጆች ጋር የሠራሁትን ስሕተት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሥራ ስጀምር ጥጆቹ የሚበሉት የጤፍ ጭድ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ እያኘኩ ሆዳቸው ይነፋል እንጂ የጎድን አጥንታቸው ይቆጠራል። ጭድ ሆድን የሚሞላው ገንቢው ነገር በበቂ ሳይገባ ነው፤ ካለው ጥቂት ኃይል ውስጥም ከፊሉ በማኘክ፣ ከፊሉ ጨጓራ ውስጥ ሲብላላ በሚወጣው ሙቀትና በግሳት በሚጠፋው ጋዝ ይባክናል። ስለዚህ ከሁለቱ በረቶች አንዱን ለይቼ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ እየደባለቅሁ ሰጠሁ፤ ጭዱንም ወደ አንድ እፍኝ አወረድሁት። ጠጉራቸው አበራ፣ የደረታቸው ዙሪያ ልክም በየሳምንቱ ይጨምር ጀመር። እኔም፣ አልደብቅም፣ ደረቴን ነፋሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ጥጆቹ ግድግዳ መላስ፣ ገመድ ማኘክና አንዱ የሌላውን ጆሮ መጥባት ጀመሩ። ግድግዳ የሚልስ ከብት ጨው ያማረው ነው ብዬ ከባቲ የሰኞ ገበያ ሦስት አሞሌ አስመጣሁ። ጥቂት ላሱትና ወደ ግድግዳው ተመለሱ። ከመካከላቸው አንዱ እበቱ ቀጥኖ አረፋ ያዘ፤ መኖም ቀነሰ።

በረቱን ለብዙ ዓመታት የጠበቁት አዛውንት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲያዩ ከቆዩ በኋላ፣ «ልጄ፣ እነዚህ እኮ የሚያኝኩት አጥተው ነው፤ ካላመንኸኝ አንድ ሌሊት አብረኸኝ እደር» አሉኝ። «እሺ ጋሼ» ብዬ ጋቢዬን ይዤ አደርሁ።

ጭድ በሚበሉት በረት ጥጆቹ በደረታቸው ተኝተው ያመሰኳሉ። በባትሪ ብርሃን አንዷን ስከታተል፣ ጉርሻው በአንገቷ ሽቅብ ሲወጣ ይታያል፤ ሃምሳ ጊዜ ያህል አኝካ ትውጠዋለች፤ ትንሽ ዐርፋ ሌላውን ታወጣለች። በእኔ በረት ግን የማታው መኖ በሃያ ደቂቃ አልቆ ጥጆቹ ቆመዋል፤ ምላሳቸውን በአየር ላይ ያዟዙራሉ፣ የገንዳውን ጠርዝ ይልሳሉ። ከስምንቱ ሲያመሰኳ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው።

የተማርሁት ትምህርት ትርጉም ያገኘው ያን ጊዜ ነው። ጥጃ ሲያኝክ የሚያመነጨው ምራቅ፣ መኖ ሲብላላ የሚፈጠረውን አሲድ ያበርዳል። የደቀቀ መኖ ግን ቶሎ ይብላላል፣ አሲዱም ቶሎ ይበዛል፤ ማኘክ ስለሌለ ደግሞ ምራቁ ያንሳል። የቀጠነው እበትና የቀነሰው የመብላት ፍላጎት ከዚሁ የመጡ ነበሩ። ቆሞ ማደር ከመተኛት የበለጠ ኃይል ስለሚፈጅም፣ በፉርሽካ ያተረፍሁትን በከፊል ሌሊት አስረክብ ነበር። ይሁን እንጂ ፉርሽካው ጥፋተኛ አልነበረም፤ የጥጃን ጨጓራ ውስጠኛ ግድግዳ የሚያሳድገው በተለይ የእህል ዘር ሲብላላ የሚወጣው አሲድ ነው፣ ስፋቱንና ጡንቻውን የሚያዳብረው ደግሞ እንደ ጭድና ድርቆሽ ያለው ሻካራ ገፈራ።

በማግሥቱ የሣር ድርቆሽ አስከትፌ ጠዋት ከሁሉ በፊት እንዲቀርብ አደረግሁ፤ ድብልቁንም በቀን ሦስት ጊዜ ከፋፈልሁት። የጭዱንም በረት ወደዚሁ አመጋገብ ቀስ በቀስ አስገባሁ። ባለቤቱ ደሴ ላሉት ጥጆቻቸውም ይህንኑ ሊያዙ ሲሉ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው በዚያ ብርድ ከገፈራ የሚወጣው ሙቀት ሁሉ ብክነት እንዳልሆነ ነግሬ ድርቆሹን ከፍ አድርገን ጀመርን።

በአሥር ቀን ውስጥ እበቱ ረጋ፤ መላሱም ቀነሰ፤ አንዷ ቦቃ ጥጃ ግን ልማድ ሆኖባት እስክትሸጥ ድረስ ገመድ ማኘኳን አልተወችም። በመኖ መዝገቤ ላይ ከኪሎው ጎን ጥጆቹ ሲበሉና ሲያመሰኩ የሚቆዩበትን ሰዓት የምጽፍበት ዓምድ ጨምሬአለሁ። ባለቤቱ ዓምዱን አይተው አያውቁም፤ ስንገናኝ ዛሬም የሚጠይቁኝ የሦስቱን አሞሌ ሒሳብ ነው።