ሁለት ጊዜ የሰነፈብኝ ጥቁር ቢራ

ሦስተኛው ፖርተሬ፣ ቤቴ የጠመቅሁት ጥቁር ቢራ፣ ከ1.090 ተነሥቶ 1.021 ላይ ደረሰ። ለማያውቀው ሰው ይህ ተራ ቁጥር ነው፤ ፈሳሹ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል፣ እርሾ ስኳሩን ወደ አልኮል ሲለውጥ ይወርዳል። ለእኔ ግን ዓመት ተኩል የፈጀ ሥራ ስለሆነ ይህን የሚለካውን ሃይድሮሜትር ፎቶ አንሥቼ ለባለቤቴ ላክሁላት። እርሷ ያኔ ጎረቤት ክፍል ውስጥ ነበረች።

የጀመርኩት በቅናት ነው። እዚህ ሜሪላንድ ከአንድ የምሥራቅ አውሮፓ ምግብ መደብር ዥቪየትስ ፖርተር የሚባል የፖላንድ ቢራ ገዛሁ። ከ1881 ጀምሮ የሚጠመቅ ሲሆን 9.5 በመቶ አልኮል አለው። ፖርተር የተወለደው በለንደን ነው፤ በባልቲክ ባሕር ዙሪያ ሲለመድ ግን ብዙ ጠማቂዎች በቅዝቃዜ የሚሠራውን የላገር እርሾ አስገቡበት። ስለዚህ እንደ ሬንጅ ጠቁሮም ጉሮሮ ላይ አይሻክርም። የደረቀ ፕሪም፣ የተቃጠለ ስኳርና ትንሽ ቸኮሌት ይሸታል። ይህን ቤቴ እጠምቃለሁ አልኩ። የአሜሪካ ሕግ ሁለት አዋቂዎች ላሉበት ቤት በዓመት እስከ 200 ጋሎን ይፈቅዳል፤ እኔ የምፈልገው 19 ሊትር ብቻ ነበር።

ስለ እህሉ ብዙ አልልም። 5 ኪሎ ሙኒክ ብቅል፣ 2.7 ኪሎ ፒልስነር፣ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ካራሜል ብቅልና 350 ግራም ቅርፊቱ የተገፈፈ ጥቁር ብቅል፤ በ65 ዲግሪ ሙቀት ለአንድ ሰዓት ተኩል ተዘፍዝፎ ይጠለላል፣ እንደ ጌሾ ከሚያመርረው ከሆፕ ጋር ይፈላል። በመጀመሪያው ጥምቅ ከነቅርፊቱ የተቆላ ጥቁር ብቅል ጨምሬ አመድ የላስኩ መስሎኝ ነበር። ዳንኤል ዊለር የተባለው እንግሊዛዊ በ1817 ብቅልን እንደ ቡና በሚሽከረከር በርሜል የመቁላት ዘዴ ካስመዘገበ ወዲህ ፖርተርን ለማጥቆር ጥቂት ጥቁር ብቅል ይበቃል። እኔ ግን አሻሮ ስትቆላ እናቴን እያየሁ አድጌ፣ ያረረ እህል እንደሚመርር ረስቼ አበዛሁት።

ያም ሆኖ ዋናው ጣጣዬ ብቅሉ አልነበረም። የመጀመሪያው ጥምቅ 1.038 ላይ ቆመና አልንቀሳቀስ አለ። ባልዲውን ነቀነቅሁ፣ ከምድር ቤት ወደ ሳሎን አውጥቼ በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት፣ ለመንኩት። 1.034 ድረስ ብቻ ወረደ። የወጣው መጠጥ እንደ ሽሮፕ ይጣበቃል። በዚያ ላይ ሁለት ሳምንት ሙሉ የምለካው ስኳርን በብርሃን መታጠፍ በሚለካው ሪፍራክቶሜትር ነበር፤ አልኮል ከገባበት በኋላ ያ መሣሪያ ቁጥሩ በስሌት ካልታረመ በቀር ውሸታም ነው። የእኔ ከእውነተኛውም የባሰ ቁጥር እያሳየ እንቅልፍ ነሣኝ። ብቅል ከመግዛታችሁ በፊት ሃይድሮሜትር ግዙ፤ ቢሰበር እንኳ ርካሽ ነው።

ተስፋ ቆርጬ እናቴ ጋ ደወልኩ። ወንድ ልጇ መጥመቁ መጀመሪያ ሲያስቃት፣ ኋላ ግን ነገሩን ከልቧ ያዘችው።

«ጥንስሱን ምን ያህል አደረግህ?»

«አንድ ከረጢት እርሾ፤ 11.5 ግራም።»

ትንሽ ዝም አለችና «ለጋን ድፍድፍ የስኒ ጥንስስ!» አለችኝ።

ቆይቼ ስሌቱን ሳየው እውነቷን ነው። እንዲህ ላለ ወፍራም የብቅል ጭማቂ፣ ያውም በ10 ዲግሪ ቅዝቃዜ፣ ለ19 ሊትር 600 ቢሊዮን ያህል ሕያው የእርሾ ሕዋስ ያስፈልጋል። እኔ የጨመርኩት የዚያን ሩብ እንኳ መሆኑ ያጠራጥራል። ሁለት ከረጢት ያደረግሁበት ሁለተኛው ጥምቅም አልዳነም። ጭማቂው 22 ዲግሪ እያለ እርሾውን ነስንሼ ተኛሁ፤ ጠዋት ተነሥቼ ፍሪጅ ውስጥ ከተትኩት። እርሾው ደንግጦ ታች ተኛ።

በሦስተኛው ከእናቴ ወግ ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ጥንስስ። ግን ጥንስሱ ራሱ ቢራ እንዲሆን አደረግሁ። አሥር ሊትር ቀለል ያለ፣ ከ1.046 የሚነሣ ላገር ጠመቅሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እርሱን ጠርሙስ ውስጥ ሞላሁ፤ በዚያው ቀን ፖርተሩን 9 ዲግሪ ድረስ አቀዝቅዤ እርሾው በተኛበት የባልዲው አተላ ላይ ገለበጥኩት። በማግኔት የሚማሰል ብርጭቆ ገዝቶ እርሾ የሚያባዛ ጓደኛ አለኝ፤ አልነቅፈውም፣ ግን ያ ብርጭቆ አይጠጣም። የእኔ ጥንስስ ተጠጥቷል። ከመገልበጤ በፊት ጭማቂውን ከባለቤቴ ጋር እየተቀባበልን አሥር ደቂቃ ናጥነው፤ እርሾ ሲነሣ አየር ይፈልጋልና። ከተነሣ በኋላ ግን አየር ጠላቱ ስለሆነ ክዳኑን አትንኩ። እኔ ሁለት ጊዜ ነክቻለሁ።

በማግስቱ አረፋው ክዳኑን ገፍቶ ወለል ላይ ወረደ። አረፋው ሲበርድ ሙቀቱን ወደ 16 ዲግሪ አሳድጌ ጥቂት ቀን አቆየሁት፤ ቅቤ ቅቤ የሚለው ሽታ የጠፋው ያኔ ነው። ከዚያ ሁለት ወር በ2 ዲግሪ ተኛ። 9 በመቶ ገደማ አልኮል አለው። ከፖላንዱ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ስቀምሰው የእኔው ፕሪሙ ያንሰዋል፤ ቸኮሌቱ ግን አያሳፍርም።

የሚያሳፍረው ጋዙ ነው። ያን ያህል ሲተኛ እርሾው መዝቀጡን እያወቅሁ፣ ጠርሙስ ስሞላ ስኳር ብቻ ጨምሬ ስኳሩን ወደ ጋዝ የሚለውጠውን ሁለት ግራም አዲስ እርሾ ሠሠትኩ። ከዚያ ሁሉ ስብከት በኋላ! አሁን 42 ጠርሙሶች ሞቅ ባለው ክፍል ተደርድረዋል፤ በየሳምንቱ ዓርብ አንዷን እከፍታለሁ። ሁለቱ እንደ ውሃ ዝም አሉ። ትናንት የከፈትኳት ግን ትንሽ ፍስስ አለች።